የአያቷን ንቅሳት ለምትፈልገው የኮዬ ልጅ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «22 ዓመቴ ነው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ራፕ እንሠራለን፣ ቲሸርትም እያተምን እንሸጣለን። አያቴ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት። እኔም እሱኑ አንገቴ ላይ በቀይና በቢጫ መነቀስ እፈልጋለሁ። እጄ አንጓ ላይ ደግሞ ‹ከኮዬ ሜዳ እስከ አያቴ ጓዳ› የሚለውን የራሴን ስንኝ በትንንሽ ፊደል። ቆዳዬ ጠቆር ያለ ነው፤ ቀለሙ ይታያል ወይ? አንድ ጓደኛችን ማሽን ገዝቷል፣ ቤት ውስጥ በነፃ እሠራልሻለሁ ብሎኛል። እናቴ ‹እኔ ስደብቀው የኖርኩትን አንቺ ከፍለሽ ልታመጪው ነው?› ብላ አኩርፋለች። ጓደኞቼ ግማሾቹ የአሜሪካ ኮፒ ነው ይላሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ እኔ በዚህ ሙያ 11 ዓመት ሆኖኛል። ሱቄ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ናት፤ ጎረቤት ነን። አስቸኳዩን አስቀድሜ ልበልሽ፦ ጓደኛሽ ጋ አትነቀሺ። ለምን እንደሆነ ኋላ እመጣበታለሁ። አሁን ወደ አያትሽ አንገት እንሂድ፤ ለአብዛኛው ጥያቄሽ መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ልጃቸውን ተከትለው መጡ። ልጁ ክንዱ ላይ መስቀል ሊሠራ ነው። እሳቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያያሉ። ማሽኑ መጮኽ ሲጀምር ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አደረጉና «ልጄ፣ የእኔስ ምን ሊባል ነው?» አሉኝ። ፈቅደውልኝ መብራቱን አስጠግቼ አየሁት። አንገታቸውን እንደ ሐብል የሚዞሩ አራት መስመሮች። በመስመሮቹ መሃል ነጠብጣብ። ከታች ወደ ደረት የወረደ ትንሽ መስቀል። ጎንደር ገጠር፣ ገና በ10 ዓመታቸው የተነቀሱት ነው። አሁን ከ60 አልፈዋል። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ አድልቷል። ግን አንዱ መስመር ከሌላው ጋር አልተነካካም። ነጥቡ አሁንም ነጥብ ነው። 50 ዓመት ሙሉ! የዚያን ቀን ማታ የራሴን ሥራዎች ፎቶ እያገላበጥኩ፣ ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ነው 50 ዓመት ቆይቶ እንዲህ የሚለየው እያልኩ አመሸሁ።

እሳቸውን የነቀሷቸው ሴት በእጃቸው የነበረው መርፌ ወይም እሾህ፣ ጥላሸትና የቅጠል ጭማቂ ነው። ሙያውን ግን ያውቁታል። መስመሩን ወፈር አድርገውታል። በመስመርና በመስመር መሃል ሰፊ ባዶ ቆዳ ትተዋል። ከጥቁር ሌላ አልነኩም። ይሄ ድህነት ወይም አለማወቅ አይደለም። ለእኛ ቆዳ ተብሎ በእናቶች እጅ የተፈተነ አሠራር ነው። አንቺ ከአያትሽ ቅርጹን ልትወስጂ ነው ያሰብሽው። እኔ የምልሽ አሠራሩንም ውሰጂ ነው።

ቲሸርት ስለምታትሚ የቀለሙ ነገር ቶሎ ይገባሻል። ጥቁር ቲሸርት ላይ ቢጫ ስታትሚ መጀመሪያ ነጭ ታነጥፊያለሽ፣ ቢጫውን ከላይ ትደርቢያለሽ። ቦግ ብሎ ይወጣል። ምክንያቱም ቀለሙ የሚቀመጠው ከጨርቁ በላይ ነው። ቆዳ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። መርፌው ቀለሙን የሚያኖረው ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሥር፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ወርዶ ነው። ጠይም የሚያደርገን ሜላኒን ያለው ደግሞ እላይኛው ሽፋን ውስጥ ነው። ስለዚህ ንቅሳትሽን ዕድሜሽን ሙሉ የምታዪው በራስሽ የቆዳ ቀለም አሻግረሽ ነው። ቡናማ መነጽር አድርገሽ ቢጫ ወረቀት እንደማየት ነው። ከሥር ነጭ ማንጠፍ የሚባል ነገር እዚህ የለም።

ቢጫ፣ ነጭ፣ ሮዝ እና ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቁስሉ ሲድን ይጠፋሉ፣ ወይም የድሮ ጠባሳ ይመስላሉ። ደማቅ ቀይ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊና አረንጓዴ ይታያሉ፤ ግን ስልክ ላይ እንዳየሽው አይሆኑም። ቀይ ደግሞ ከሌሎቹ ቀለሞች ይልቅ አለርጂ በማስነሳት የታወቀ ነው። አንገት ላይ ለዓመታት የሚያሳክክ ነገር አልመኝልሽም። ጥቁር ግን አያሳፍርም። የእኔ ጥቁር ቀለም መሠረቱ ካርቦን ነው። የአያትሽ ጥላሸትም ካርቦን ነው። ጠርሙሱ ተቀየረ እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ነቃሾች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ስትሠሪ ቀለሙ ወዲያው ፍንትው ብሎ አይታይም። ደምና ቀለም ተቀላቅሎ አካባቢው ሁሉ ጥቁር ይሆናል። ነቃሹ «አልያዘም» ይልና ይጫናል። አንዴ ይደግመዋል። አሁንም ይደግመዋል። ቀለሙ እኮ መጀመሪያውኑ ገብቷል! መርፌው ከልክ በላይ ሲጠልቅ ቀለሙ ከሥር ይፈስና በመስመሩ ዙሪያ ሰማያዊ ጥላ ያጠላል። የባሰው ደግሞ ጠባሳው ነው። ኬሎይድ፣ ያ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጠው ጠባሳ፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል። ጆሮ፣ ደረት፣ ትከሻና አንገት ይወዳል። ጆሮሽን ስትበሺ አብጦብሽ ያውቃል? ክንድሽ ላይ ያለው የክትባት ጠባሳ ተነስቷል? እናትሽ ወይም እህትሽ ላይስ? አንዱ እንኳን ካለ አንገትሽን አልነካም። ክንድሽ ላይ ማንም የማያያት አንዲት ነጥብ አድርገን ቢያንስ ሦስት ወር እንጠብቃለን። «አሁኑኑ ካልሆነ» የሚል ደንበኛ ብዙ አጋጥሞኛል። ሳልሠራለት መልሼዋለሁ፣ አልተጸጸትኩም።

ወደ ስንኝሽ ልምጣ። ስንኙ ደስ ይላል፤ የራስሽ መሆኑ ደግሞ የበለጠ። 13 ፊደል ነው። ጣጣው ከ13ቱ ሦስቱ ቀለበት ያላቸው መሆናቸው ነው፦ ዬ፣ ሜ፣ ቴ። የእኛ ፊደል ነፍሱ ያለችው በጥቃቅን ምልክት ላይ ነው። ሚ እና ሜ የሚለዩት በአንዲት ቀለበት ነው። ቀለበቷ መሃሏ ክፍት ካልሆነ ቀለበት አይደለችም። ቀለም ደግሞ ቆዳ ውስጥ ገብቶ እንደ ድንጋይ አይቀመጥም። የሰውነታችን ተከላካይ ሕዋሳት ውጠው ይይዙታል፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይቀበለዋል። በዓመታት ውስጥ መስመሩ እየሰፋ ይሄዳል። ፊደሉን 4 ሚሊ ሜትር ብናደርገው የቀለበቷ ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ታህላለች። ጥቂት ዓመት ቆይታ ትደፈናለች። ያኔ እጅሽ ላይ የሚነበበው «ከኮዪ ሚዳ እስከ አያቲ ጓዳ» ነው።

አምና አንድ ልጅ ጣቱ ላይ «እቴቴ» ብሎ ያስነቀሰውን ይዞ መጣ። ያሳደጉት አያቱን የሚጠራበት ነው። አርፈዋል። ሌላ ቦታ፣ ከሩዝ ፍሬ በማይበልጥ ፊደል ነው የተሠራለት። ሁለቱም ቴ ደፍኗል። እቲቲ ይላል ማለት እንኳን ይከብዳል፤ ሁለት የተጨማደደ ጉንዳን ነው የሚመስለው። ጣቱን ያዝኩና በማጉያ መነጽር ለረጅም ጊዜ አየሁት። እንዳላሰፋው ጣት ላይ ቦታ የለም። እንዳላስተካክለው የሚገባበት ባዶ ቆዳ አልቀረም። ክንዱ ላይ አዲስ ሠራንለት፣ የጣቱን ተውነው። ሲወጣ ሁለቱንም እያየ ነበር።

ላንቺ የምመክርሽ እንዲህ ነው። የፊደሉ ቁመት ከ1 ሴንቲ ሜትር አይነስ። 13 ፊደል በዚህ መጠን ከነክፍተቱ 14 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሴት አንጓ ዙሪያውን ሁሉ ተደምሮ ነው እዚያ የሚደርሰው። ስለዚህ እንደ አምባር አታዙሪው፤ በክንድሽ ውስጠኛ በኩል ከክርን ወደ አንጓ በርዝመቱ ይሂድ። ቆዳው እዚያ ለስላሳ ነው፣ ፀሐይም ብዙ አያገኘውም። ከዚያ በፊት ግን በወረቀት አትሚው። ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ አምስት እርምጃ ራቂ። ቀለበቶቹ ከታዩሽ ይሁን። ካልታዩሽ ቆዳም ላይ አይታዩም። ኮምፒውተር ላይ ያለውን ፊደል እንዳለ አታምጪልኝ። ለወረቀት የተሠራ ስለሆነ ክፍተቱ ጠባብ ነው። የብራና ጸሐፊዎችን ቁም ጽሕፈት እዪ። ቀጥ ያለ ወፍራም ምት፣ በመሃሉ አየር። እኔ ፊደል የተማርኩት እሱን እየገለበጥኩ ነው። ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር፦ ሞክሼ ፊደል ያለበት ቃል ከማስነቀሳችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። የ«ሥላሴ» መጀመሪያው ፊደል በንጉሡ ሠ ነው። ቆዳ ላይ ላጲስ የለም።

የጓደኛሽ ማሽን ጉዳይ። ማሽን በራሱ ጠላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1891 ኒውዮርክ ውስጥ ሳሙኤል ኦራይሊ የሚባል ሰው የኤዲሰንን የኤሌክትሪክ ብዕር መነሻ አድርጎ የንቅሳት ማሽን ፓተንት አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ያው ነው፤ መርፌ ወደ ላይ፣ መርፌ ወደ ታች። የሚያስፈራኝ መርፌው፣ ውኃውና እጁ ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ በደረቀ ደም ውስጥ፣ ከሰውነት ውጭ፣ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። «በአልኮል ጠርጌዋለሁ»፣ «በክብሪት ለብልቤዋለሁ»፣ «ቀቅዬዋለሁ» ይሉሻል። አንዱም አይበቃም። ከሰው ሰው የሚሄድ የብረት ዕቃ የሚጸዳው በኦቶክሌቭ ነው፤ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በእንፋሎት ግፊት፣ ቢያንስ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ። መርፌ ደግሞ አይጸዳም፤ አንድ ሰው፣ አንድ መርፌ፣ ከዚያ ወደ ቢጫው ሴፍቲ ቦክስ። የመርፌው ማሸጊያ ፊትሽ ይቀደድ። የማብቂያ ቀኑን አንብቢ። ቀለሙ በትንሽ ኩባያ ተቀድቶ የተረፈው ይደፋ፤ ወደ ጠርሙሱ የሚመለስ ካየሽ ተነሺና ውጪ። ማንም ቤት ብትሄጂ፣ እኔም ጋ ብትመጪ፣ ይሄን ስትጠይቂ የሚቆጣ ነቃሽ ካለ እሱ ጋ ሥራ የለሽም።

ውኃውን ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ነው። ሮቶው ሥር ምን እንደተጠራቀመ ማንም አያይም። ጓደኛሽ ቀለም ሊያቀጥን ከዚያ ሮቶ ቢቀዳ፣ ያንን ውኃ በመርፌ ሥጋሽ ውስጥ እየከተተ ነው። እኔ ውኃ በሌለ ቀን አልሠራም። መብራት ሲጠፋም ጀነሬተር አስነስቼ አልቀጥልም፤ የጀመርኩትን አሽጌ ቀጠሮ እሰጣለሁ።

ጓደኛሽን ግን አታሳፍሪው። ሙያው እንዲህ ነው የሚጀመረው። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የነቀስኩት የሙዝ ልጣጭና የብርቱካን ልጣጭ ነው፣ ኋላም ለልምምድ የሚሸጠውን የጎማ ቆዳ። ቀጥ ያለ መስመር ልጣጭ ሳይቀደድ መሳብ ሲችል ይምጣና አጠገቤ ይቀመጥ። እኔም አንድ ሰው አጠገቡ አስቀምጦኝ ነው የተማርኩት።

የጉበት ክትባቱንም አትርሺ። ለሕፃናት በሚሰጠው ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም ገደማ ነው፤ አንቺ ከዚያ በፊት ነው የተወለድሽው። ለአዋቂ ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ብትነቀሺም ባትነቀሺም ጤና ጣቢያ ሄደሽ ጠይቂ።

አሁን እናትሽ። ይሄን ስጽፍ ቀስ እያልኩ ነው።

እናትሽ «ስደብቀው የኖርኩት» ማለታቸው ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ እናቶች ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ አንገታቸው ላይ ያለው ንቅሳት «ባላገር» ያሰኛቸው ነበር። ሥራ ሲፈልጉ፣ ሲዳሩ፣ ታክሲ ውስጥ እንኳን። በሙቀት አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው የኖሩ አሉ። በአሲድ ሊያስለቅቁት ሞክረው ንቅሳቱም ሳይለቅ፣ ቆዳቸውም ተቃጥሎ የቀረባቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንቺ ጌጥ ብለሽ የምታዪው እሳቸው ቁስል ብለው ነው የሚያዩት። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

ሌላም ነገር አለ። ንቅሳት ሁሉ ለጌጥ አልነበረም። አንዳንድ ቦታ ለእንቅርት ይበጃል ተብሎ ነው አንገት የሚነቀሰው። እንቅርት ከአዮዲን ማነስ የሚመጣ ስለሆነ ንቅሳቱ አልፈወሰውም፤ ግን ከጭንቀት የተሠራ ነው። ብዙዎቹም ገና ልጅ ሆነው፣ እጅና እግራቸው ተይዞ ነው የተነቀሱት። እኒያን የጎንደር እናት «ወደው ነው?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ድዴን ወድጄ፣ አንገቴን ተይዤ» አሉኝ። ስለዚህ አያትሽን ጠይቂያት። እናትሽም ባሉበት ጠይቂያት። መልሷ ሐሳብሽን ይቀይረው ይሆናል፣ ያጠነክረው ይሆናል። የሃይማኖቱንም ነገር ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ አንዱ ይፈቅዳል፣ ሌላው ይገሥጻል፣ እኔ ያንን ልወስንልሽ አልችልም።

የእኔ ምክር ከአንገት አትጀምሪ ነው። የአያትሽን መስመሮች መጀመሪያ ክንድሽ ላይ፣ ከስንኝሽ በላይ፣ እንደ አምባር እናዙራቸው። መስመር ከፊደል ይልቅ መዞርን ይችላል። አንገት ሻርፕ ካልሆነ መሸፈኛ የለውም። ሥራ ቀጣሪ ያየዋል፣ አማት ያየዋል። ላጥፋው ብትይ ለጠቆረ ቆዳ የሚሻለው 1,064 ናኖ ሜትር የሚሉት ሌዘር ነው፤ ሌላው ቆዳውን ራሱ ሊያነጣው ወይም ሊያቃጥለው ይችላል። እሱም አንድ ቀን አይደለም፣ በየሳምንታቱ ልዩነት ብዙ ጊዜ መመላለስ ነው።

«የአሜሪካ ኮፒ» ለሚሉሽ ደግሞ። ሂፕሆፕ የመጣው ከአሜሪካ ነው፣ ይሄን መካድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973፣ ብሮንክስ፣ 1520 ሴጅዊክ ጎዳና፣ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት። ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ትምህርት ሲከፈት የምትለብሰው ልብስ መግዣ አጥታ ፓርቲ አዘጋጀች። ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም አስከፈለች። ሙዚቃውን ያጫወተው ወንድሟ ነው፣ ዲጄ ኩል ሄርክ፣ ጃማይካ የተወለደ ልጅ። የሰው ሸክላ ላይ ያለችውን የከበሮ ቦታ ብቻ እየደጋገመ ሰው አስጨፈረ። እስቲ አስቢው፤ ነገሩ የተጀመረው ልብስ ፍለጋ፣ በሕንፃ ሥር፣ በታናሽ እህት ሒሳብ ነው። ኮዬ ብሎክ ሥር ስፒከር ደርድራችሁ ቲሸርት ስትሸጡ ከዚህ ምን ይለያል?

በሂፕሆፕ የሚያስነውረው የሌላውን ራፐር ስታይል እንዳለ መገልበጥ ነው። የቤትሽን ነገር አንስቶ ማዞር ግን ጥበቡ ራሱ ነው። የእኛ ሰፈር ልጆች የኒውዮርክን ጽጌረዳና የራስ ቅል ሲነቀሱ ማንም ኮፒ አላለም። አንቺ የአያትሽን አንገት ስታነሺ ኮፒ መባልሽ ይገርመኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መስመሮቹን መጀመሪያ ሁዲ ላይ አትሙት። አንገት ዙሪያ፣ ልክ ንቅሳቱ ባለበት ቦታ። ጥቁር ሁዲ ከሆነ በነጭ፣ ሌላ ቀለም አትጨምሩ። የስክሪኑ ወንፊት ሻካራ ከሆነ ነጠብጣቡ ይደፈናል፤ ያኔ ሰፋ አድርገሽ ትስዪዋለሽ። ይሄ ስሕተት በጨርቅ ላይ ነው የሚሻለው። ስድስት ወር ልበሺው። አያትሽን ስትጠይቂ ልበሺው፣ እናትሽ ፊት ልበሺው። ሦስተኛው የጉበት ክትባትም እስከዚያ ይደርሳል።

ከተነቀስሽ በኋላ ያለው ቀላል ነው። በለዘብተኛ ሳሙናና በንጹሕ ውኃ እጠቢው፣ አድርቂው፣ የሰጠሁሽን ቅባት ስስ አድርገሽ ቀቢው። ቡና አትነስንሺበት። ቅቤ አታስነኪው፣ የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ። ሁለት ሦስት ሳምንት ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፊው፤ ጸበል የምትጠመቂ ከሆነ ወይ ቀድመሽ ወይ ቆይተሽ። የኮዬ አቧራ እስኪድን ጠላቱ ነው፣ ሰፋ ያለ እጅጌ ልበሺ። ቅርፊቱን አትላጪው። ከዳነ በኋላ ደግሞ ፀሐይ ተጠንቀቂ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች። ማበጥ፣ መግል ወይም ትኩሳት ከመጣ ለእኔ ፎቶ አትላኪ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ።

አያትሽ ጋ ስትሄጂ ፎቶ አንሺያት። በመስኮት ብርሃን፣ ከፊት፣ ከቀኝ፣ ከግራ። ፍላሽ አትጠቀሚ፣ መስመሩን ያጠፋዋል። መስመሮቹን ቁጠሪ። ለየመስመሩ ስም ካላት ጻፊው። ማን እንደነቀሳት፣ ስንት ዓመቷ እንደነበር፣ ምን እንደቀቡላት ጠይቂያት። ክር ወስደሽ የአንዱን መስመር ውፍረትና የባዶውን ቆዳ ስፋት ለኪ፤ እኔ ከፎቶው ይልቅ የሚያስፈልገኝ ይሄ ልኬት ነው። እናትሽ ቢስማሙ ይዘሻቸው ነይ። ሻይ አለ፣ ማንም ንቅሳታቸውን እንዲያሳዩ አይጠይቃቸውም። ረቡዕና ቅዳሜ ውኃ ስለሚመጣ ሱቁ ክፍት ነው።